ለ12ኛ ክፍል ባዮሎጂ፦ ሲ-4፣ ዋተር ፖቴንሻል፣ የኃይል ፍሰት... የሚያምታታውን እዚህ እናፍታታ

የደብረብርሃኗ

ሰላም ለሁላችሁ። ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና እወስዳለሁ፣ ናቹራል ነኝ። ጄኔቲክሱና የሰው አካሉ ብዙም አያስቸግረኝም። የእፅዋት ፊዚዮሎጂና ኢኮሎጂ ላይ ግን ትርጉሙን አውቀዋለሁ፣ ጥያቄው ትንሽ ዞር ብሎ ሲመጣ ይጠፋብኛል። ሽምደዳ ይበቃሻል የሚሉኝ አሉ። እኔ ግን ለምን እንደሆነ ሳይገባኝ የያዝኩት ነገር አይበረክትልኝም።

ያስቸገሩኝ እነዚህ ናቸው። ሲ-4 እፅዋት (ካርቦን ሲይዙ መጀመሪያ አራት ካርቦን ያለው አሲድ የሚሠሩት) ከሲ-3 (መጀመሪያ ሦስት ካርቦን ያለው ውህድ ከሚሠሩት) የተሻሉ ናቸው ይባላል፣ ታዲያ ለምንድነው እኛ አካባቢ ማሳው ሁሉ ገብስና ስንዴ የሆነው? ሁለቱም ሲ-3 ናቸው። ከዚያ ዋተር ፖቴንሻል (ውሃ ወዴት እንደሚሄድ የሚነግረው መለኪያ)፣ በተለይ የኔጌቲቩ ነገር፣ የትኛው ይበልጣል የትኛው ያንሳል ሲሉኝ እደናገራለሁ። ከአንድ የምግብ ደረጃ ወደ ቀጣዩ 10 በመቶው ኃይል ብቻ ያልፋል የሚለው ሕግስ መቼ ነው የሚሠራው? ኮሜንሳሊዝምና ሚውቹዋሊዝምም ምሳሌው ሲቀየርብኝ አልለያቸውም። የምታውቁ እባካችሁ በአገራችን ምሳሌ አስረዱኝ።

መምህር_ባዮ

የገብሱን ጥያቄ እኔ ልያዘው።

ነገሩ የሚጀምረው ሩቢስኮ ከሚባለው ኢንዛይም ነው። ሩቢስኮ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ይይዛል። ግን ኦክስጅንንም ይይዛል። ኦክስጅን የያዘ ጊዜ ተክሉ ስኳር አያገኝም፣ ጭራሽ ቀድሞ የያዘውን ካርቦን ያጣል፣ ኤቲፒም (ሴሉ የሚጠቀምበት ኃይል ተሸካሚ) ይባክናል። ፎቶሬስፒሬሽን የሚባለው ይኼ ነው። ሙቀት ሲጨምር ብክነቱ ይጨምራል። ምክንያቱ ሁለት ነው፦ ሩቢስኮ ሲሞቅ ሁለቱን ጋዞች የመለየት ችሎታው ይደክማል፤ ደግሞ ሲሞቅ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውሃ ውስጥ የመሟሟት አቅሙ ከኦክስጅን ይልቅ በፍጥነት ይቀንሳል። ድርቅ ከተጨመረበት ስቶማታ (የቅጠሉ ቀዳዳዎች) ስለሚዘጋ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይመናመንና ነገሩ ይብሳል።

ሲ-4 ተክል ከዚህ የሚያመልጠው ሥራውን ለሁለት ዓይነት ሴል አከፋፍሎ ነው። ሜሶፊል (የቅጠሉ መሐል) ሴል ውስጥ ፔፕ ካርቦክሲሌዝ የሚባል ኢንዛይም አለ፣ እሱ ኦክስጅን አይዝም። ካርቦኑን ይይዝና አራት ካርቦን ያለው አሲድ ይሠራል። አሲዱ ወደ በንድል ሺዝ ሴል (የቅጠሉን የውሃና የስኳር ቱቦዎች ወደከበበው ሴል) ይሻገራል፣ እዚያ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይለቀቃል። ሩቢስኮም ያለው እዚያ ነው። ዙሪያው በካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለተሞላ ኦክስጅን ቦታ አያገኝም።

ይኼ ሁሉ ግን ወጪ አለው። አንድ ግሉኮስ ለመሥራት ሲ-3 ተክል 18 ኤቲፒ ያወጣል፣ ሲ-4 ደግሞ 30። ኤንኤዲፒኤቹ (ሌላው ኃይል ተሸካሚ) ለሁለቱም 12 ነው። ስለዚህ «የትኛው ይሻላል» የሚል ጥያቄ ሲመጣ መጀመሪያ «የት?» ብለሽ ጠይቂ። ብርድ ባለበት ፎቶሬስፒሬሽኑ ድሮም ትንሽ ነው፣ 12 ተጨማሪ ኤቲፒ ማውጣት ኪሳራ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከእናንተ ተነስተሽ በጣርማ በር ቁልቁል ወደ ሸዋ ሮቢት ስትወርጂ ማሳው ይቀየራል፣ ማሽላ ይመጣል። ማሽላ ሲ-4 ነው፤ በቆሎም፣ ዳጉሳም እንዲሁ።

አንድ ወጥመድ አለ፣ እሱም ጤፍ ነው። ጤፍ ሲ-4 ነው፣ ግን ወይና ደጋ ላይ ያማረ ምርት ይሰጣል። «ሲ-4 ማለት የቆላ ተክል» ብለሽ ከያዝሽ ጤፍ ያሳስትሻል። ውርጭ ግን አይወድም፣ ከፍ ባለው ደጋ ለገብስ የሚለቅበት አንዱ ምክንያት እሱ ነው። ቡናስ? ቡና ሲ-3 ነው፤ በዛፍ ጥላ ሥር የተላመደ ተክል ስለሆነ ብርሃንና ሙቀት ሲበዛበት ይጨነቃል።

ፍሬሽማን_ጅማ

መምህር ካሉት ላይ ካምን ልጨምርልሽ፣ ከሲ-4 ጋር አብሮ ነው የሚጠየቀው። በለስ፣ እሬት፣ አናናስ ካም ናቸው። ኬሚስትሪው ከሲ-4 ጋር ይመሳሰላል፣ ያው ፔፕ ካርቦክሲሌዝ ነው መጀመሪያ የሚይዘው። ልዩነቱ ሲ-4 ሥራውን በቦታ ይከፍለዋል፣ ካም በሰዓት። ካም ተክል ስቶማታውን ሌሊት ይከፍታል፣ ካርቦኑን እንደ ማሊክ አሲድ ቫኩዎል ውስጥ ያስቀምጣል፣ ቀን ስቶማታውን ዘግቶ በብርሃኑ ኃይል ስኳር ይሠራል። የበለስ ቅጠል የሚመስለው አረንጓዴው ክፍል ግንድ ነው፣ ይህም ይጠየቃል። ጠዋት ማለዳ አሲዱ ከፍተኛ ነው፣ ማታ ዝቅተኛ። ግራፍ ሰጥተው «የትኛው ተክል ነው» ካሉ ሌሊት የሚወጣውን የአሲድ መስመር ፈልጊ።

የደብረብርሃኗ

መምህር እግዜር ይስጥልኝ፣ «የት?» ያሉኝ ነገር ብቻውን ብዙ ፈታልኝ። ፍሬሽማንም አመሰግናለሁ። አንድ ልጠይቅዎት መምህር፣ በንድል ሺዝ ሴል ሲ-3 ተክልም ውስጥ አለ አይደል? መጽሐፉ ሲ-4 ውስጥ ብቻ ያለ ያስመስለዋል።

መምህር_ባዮ

አዎ፣ ሲ-3 ውስጥም አለ። ግን እዚያ ክሎሮፕላስቱ ጥቂት ነው፣ ካልቪን ሳይክሉም (ስኳር የሚሠራበት ዑደት) በዋናነት የሚካሄደው ሜሶፊል ውስጥ ነው። ሲ-4 ላይ በንድል ሺዙ ወፈር ያለ፣ በክሎሮፕላስት የተሞላ፣ ሜሶፊሉ በዙሪያው እንደ ቀለበት የተደረደረ ሆኖ ይታያል። ክራንዝ አናቶሚ የሚባለው እሱ ነው። የቅጠል ቁራጭ ሥዕል ከሰጡሽ በንድል ሺዝ መኖር አለመኖሩን ሳይሆን ክሎሮፕላስት መያዝ አለመያዙን እይ።

ቡቃያ

አግሮኖሚ ነው የተማርኩት፣ ዋተር ፖቴንሻሉን እኔ ልሞክር። ይኼን ርዕስ ሰው በከንቱ ነው የሚፈራው።

ንፁህ ውሃ ክፍት ዕቃ ውስጥ ዜሮ ነው። ይኼ መነሻሽ ነው። ጨው ወይም ስኳር ስትጨምሪበት ከዜሮ በታች ይወርዳል። ግፊት ስትጨምሪበት ይወጣል። ውሃ ሁልጊዜ ከላይኛው ቁጥር ወደ ታችኛው ይሄዳል። ከ-0.3 ወደ -0.8 ይሄዳል፣ ምክንያቱም -0.3 ለዜሮ ቅርብ ስለሆነ ይበልጣል። ፈተና ላይ ቁጥሮቹን ባዶ ወረቀት ላይ ከላይ ወደ ታች ፃፊያቸው፣ ዜሮን አናት ላይ አድርጊ። ብዙ ልጅ የሚሳሳተው ምልክቱን ረስቶ 0.8 ከ0.3 ይበልጣል ብሎ ስለሚያስብ ነው።

ሂሳቡን እንሥራው። የሟሟው ክፍል ኔጌቲቭ አይ ሲ አር ቲ ነው፦ የቅንጣት ብዛት፣ የመጠነ ሙሙት፣ ቋሚው አር፣ ሙቀት በኬልቪን ተባዝተው፣ ፊቱ ላይ ኔጌቲቭ። 0.1 ሞላር ስኳር በ20 ዲግሪ ወደ -0.24 ሜጋፓስካል ይሆናል። ገበታ ጨው በተመሳሳይ መጠን ሲሟሟ ለሁለት ቅንጣት ስለሚከፈል እጥፍ፣ ወደ -0.49። ይቺ የሁለት ማባዣ ነገር በጣም ነው የምትረሳው።

አሁን ሴል ውሰጂ። የሟሟው -0.8፣ ግፊቱ 0። ድምሩ -0.8። -0.3 የሆነ ክፍት ዕቃ ውስጥ ከተትሽው። ውሃ ይገባል። እስከ መቼ? ድምሩ ከውጪው እኩል እስኪሆን፣ ማለትም -0.3 እስኪደርስ። የሟሟው ብዙም አልተቀየረም ካልን ግፊቱ +0.5 ይሆናል። ይኼ ነው ተርገር። ልብ በይ፣ ሚዛን ላይ ሲደርስ የሴሉ ውስጥና የውጪው *መጠነ ሙሙት* እኩል አይደለም፣ እኩል የሆነው ፖቴንሻሉ ነው። የእንስሳ ሴል ግድግዳ ስለሌለው ይኼን ግፊት አይሸከምም፣ ይፈነዳል።

ለምን ይጠቅማል ካልሽ አዋሽን ተመልከቺ። መካከለኛው አዋሽ መልካ ሰዲ አካባቢ ሰፊ የመስኖ መሬት በጨው ተጎድቷል። የከርሰ ምድር ውሃው ወደ ላይ እየቀረበ፣ ፀሐዩ ውሃውን እያተነነ፣ ጨው ላይ ላይ ይቀራል። መሬቱ እርጥብ ሆኖ ሳለ ተክሉ ይጠወልጋል። ጨው የአፈሩን ፖቴንሻል ከሥሩ በታች ካወረደው ውሃው ወደ ሥር የሚገባበት ምክንያት የለም። «አፈሩ ውሃ እያለው ተክሉ ለምን ጠወለገ» የሚል ጥያቄ ካየሽ ወዲያው ጨውን አስቢ።

ሠርክ_አዲስ

ቡቃያ ያልከው ጥሩ ነው ግን ውሃ ወደ ላይ የሚወጣው በሥር ግፊት አይደለም እንዴ? ጨው ካለ የሥሩ ፓምፕ ነው የሚቸገረው ብለው ነው እኛን ያስተማሩን። ጠዋት ቅጠል ጫፍ ላይ የሚታየው ጠብታ ማስረጃው ነው።

ቡቃያ

የሥር ግፊት አለ። ጠብታውም እውነት ነው፣ ጋቴሽን ይባላል፣ ትራንስፓይሬሽን (ውሃ ከቅጠል መትነን) በሌለበት ሌሊት የሚታይ ነገር ነው። ግን አቅሙ ትንሽ ነው፣ ብዙ ጊዜ ከ0.2 ሜጋፓስካል አይዘልም። 40 ሜትር የሆነ ባህር ዛፍ ውሰድ። ውሃን አንድ ሜትር ከፍ ለማድረግ 0.01 ሜጋፓስካል ይፈጃል፣ ስለዚህ ስበትን ለማሸነፍ ብቻ 0.4 ያስፈልገዋል፣ በቱቦው ውስጥ ያለው ሰበቃ ሳይቆጠር። የሥር ግፊት አይበቃም። ደግሞ ቀትር ላይ ውሃ በብዛት በሚወጣበት ሰዓት የሥር ግፊት ጭራሽ ይጠፋል።

ውሃውን የሚጎትተው አየሩ ነው። አፈር -0.3፣ ሥር -0.6፣ ቅጠል -1 አካባቢ እያለ ይወርዳል፣ አየር ጋ ሲደርስ ግን ገደል ነው፦ 50 በመቶ እርጥበት ያለው አየር በ20 ዲግሪ ወደ -94 ሜጋፓስካል ነው። ከቅጠሉ ውሃ በተነነ ቁጥር የውሃ ሞለኪውሎች በሃይድሮጅን ቦንድ ስለተያያዙ ከኋላ ያለው ይጎተታል። ዲክሰንና ጆሊ ይኼን ሐሳብ ያቀረቡት እ.ኤ.አ. በ1894 ነው፣ እስከ ዛሬም ቆሟል። ተክሉ ለዚህ ጉተታ ኤቲፒ አያወጣም፣ ኃይሉ የፀሐይ ነው። ፍሎኤም (ስኳር የሚያጓጉዘው ቱቦ) ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል፦ ስኳር ለመጫን ኤቲፒ ይፈልጋል፣ ውሃ ተከትሎ ይገባል፣ ግፊቱ ይገፋዋል። ዛይለም (የውሃው ቱቦ) ይጎተታል፣ ፍሎኤም ይገፋል።

የመንዝ_ልጅ

የደብረብርሃኗ ጎረቤቴ ነሽ፣ የኢኮሎጂውን ጥያቄ በጓሳ፣ በመንዙ የሣር ሜዳ፣ ልመልስልሽ። ጓሳን ካላየሽ ፈተናው ካለፈ በኋላ ሂጂ፣ ትምህርቱ ሁሉ እዚያ ሜዳ ላይ ተዘርግቷል።

ጓሳ ላይ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ አንድ ሜዳ ላይ ይውላሉ። ጭላዳ ሣር ነው የሚበላው። ቀበሮው አይጥና ፍልፈል ያድናል። ቀበሮው በመንጋው መካከል ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ ጭላዶቹ አይሸሹም፣ እሱም ግልገሎቻቸውን አይነካም ማለት ይቻላል። ተመራማሪዎች ቆመው ሲቆጥሩ ቀበሮው በጭላዶች መካከል ሆኖ ካደነው 67 በመቶው ተሳክቶለታል፣ ብቻውን ሲሆን 25 በመቶ ብቻ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ነው የወጣው። ምናልባት ጭላዶቹ ሲግጡ አይጦቹን ከጉድጓድ ያስወጧቸዋል፣ ወይም አይጦቹ በመንጋው መካከል ቀበሮውን ለይተው አያዩትም።

ስለዚህ ቀበሮው ፕላስ አገኘ። ጭላዳውስ? የታወቀ ጥቅምም ጉዳትም የለውም፣ ዜሮ ነው። ፕላስና ዜሮ ኮሜንሳሊዝም ነው። ነገ ሌላ ተመራማሪ ሄዶ «ቀበሮው ስላለ የዱር ውሻ ከጭላዳ ይርቃል» ብሎ ቢያሳይ ፕላስ ፕላስ ይሆናል፣ ሚውቹዋሊዝም ማለት ነው። ምሳሌውን አትሸምድጂ፣ ሁለቱን ምልክቶች ሙዪ። ለእያንዳንዱ ፍጥረት «ያኛው ባይኖር ምን ይሆናል?» ብለሽ ለየብቻ ጠይቂ።

የኃይሉም ጥያቄ እዚያው ነው። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው ከ500 የማይበልጥ ጎልማሳ ነው። በሽታውና የግጦሽ መስፋፋቱ ዋና ጠላቶቹ ናቸው፣ ግን ከድሮም ቢሆን እንደ አይጥ ሊበዛ አይችልም ነበር። ሣሩ በፎቶሲንተሲስ 50,000 ኪሎጁል ያዘ እንበል። 30,000ውን ለራሱ ትንፈሳ አወጣው። የቀረው 20,000 የተጣራው ምርት ነው፣ ለሚበላው የሚደርሰው ከዚያ ነው። 10 በመቶ ብለን አይጦቹ ላይ 2,000 ይሆናል፣ ቀበሮው ላይ 200። ከጠቅላላው ምርት ላይ 10 በመቶ የሚያሰላ ተማሪ 5,000 ብሎ ይሳሳታል፤ ምርጫዎቹ ውስጥ 5,000 ተቀምጦ ይጠብቅሻል።

መምህር_ባዮ

የመንዝ ልጅ ያለው ላይ ጥቂት ልጨምር። 10 በመቶ አማካይ ነው እንጂ ሕግ አይደለም። ሊንደማን እ.ኤ.አ. በ1942 የሚኒሶታን አንድ ትንሽ ሐይቅ አጥንቶ በደረጃዎች መካከል የሚያልፈውን ኃይል አሰላ፣ ከዚያ ወዲህ የተለኩት ቦታዎች በአብዛኛው ከ5 እስከ 20 በመቶ ድረስ ይለያያሉ። የሚጠፋው የት ነው? ከፊሉ ሳይበላ ይቀራል፣ ከፊሉ ተበልቶ ሳይፈጭ ይወጣል፣ ከፊሉ በትንፈሳ ሙቀት ሆኖ ይሄዳል። አጥቢና ወፍ የሰውነት ሙቀታቸውን ለመጠበቅ ብዙ ስለሚያቃጥሉ ከፈጩት ምግብ ወደ ሰውነት የሚቀይሩት ከ1 እስከ 3 በመቶ ብቻ ነው። ነፍሳት ከዚህ በብዙ ይሻላሉ።

ፒራሚዱን በተመለከተ፦ የኃይል ፒራሚድ ፈጽሞ አይገለበጥም። የቁጥር ፒራሚድ ሊገለበጥ ይችላል፣ አንድ ሾላ ዛፍ በሺህ የሚቆጠሩ ነፍሳትን ይመግባል። የባዮማስ ፒራሚድም ባሕር ውስጥ ይገለበጣል፣ ምክንያቱም ፋይቶፕላንክተን (ውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን አምራቾች) በቶሎ ይራባል፣ በቶሎም ይበላል፤ በአንድ ቅጽበት ብትመዝኚው ትንሽ ነው፣ በዓመት ያመረተውን ብትደምሪ ግን ከሚበሉት ይበልጣል። ባዮማስ በአንድ ጊዜ ያለ ክምችት ነው፣ ምርት በጊዜ ውስጥ ያለ ፍሰት። ጥያቄው ላይ «በካሬ ሜትር» ብቻ ካለ ክምችት ነው፣ «በካሬ ሜትር በዓመት» ካለ ፍሰት።

ፍሬሽማን_ጅማ

ጣናንም አትርሷት፣ የሕዝብ እድገት ጥያቄ ይወጣባታል። እምቦጭ ጣና ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፣ ተስማሚ ሁኔታ ካገኘ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ኤክስፖኔንሻል እድገት ማለት ይኼ ነው፦ የሐይቁን ሩብ ከሸፈነ ሐይቁን ለመሙላት ሁለት ጊዜ እጥፍ መሆን ብቻ ነው የቀረው። ግን ለዘላለም እንዲህ አያድግም፣ ቦታና ንጥረ ነገር ሲያጥረው ግራፉ ይታጠፍና ኤስ ይመስላል። እድገቱ በጣም ፈጣን የሚሆነው ቁጥሩ የመሸከም አቅሙ ግማሽ ላይ ሲደርስ ነው፣ ይኼ ደጋግሞ ተጠይቋል። ሌላው፣ «ሐይቁ ውስጥ ኦክስጅን ለምን ቀነሰ» ካሉ ብዙ ሰው «እምቦጩ ስለተጠቀመው» ይላል። ዋናው ምክንያት ግን የሞተውን የሚያበሰብሱት ባክቴሪያዎች ትንፈሳ ነው፣ ደግሞ ምንጣፉ ብርሃን ስለሚከለክል ታች ያሉት አልጌዎች ኦክስጅን መሥራት ያቆማሉ።

የደብረብርሃኗ

እጅግ አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። የመንዝ ልጅ፣ ጓሳን ሁሌ ስሙን እሰማለሁ እንጂ እንዲህ አስቤው አላውቅም። አንድ የቀረኝ ሆርሞኑና የቀን ርዝመቱ ነው። ሾርት ደይ፣ ሎንግ ደይ የሚሉት። ሌላው ደግሞ ፊዚዮሎጂውንና ኢኮሎጂውን አንድ ላይ የሚያደርግ ጥያቄ ይመጣል ይባላል፣ ምን ዓይነት ነው?

ሠርክ_አዲስ

የቀኑን ባጭሩ፦ ስሙ ቀን ይላል፣ የሚለካው ግን ሌሊቱ ነው። ሾርት ደይ ተክል የሚያብበው ያልተቋረጠ ረጅም ሌሊት ሲያገኝ ነው። ሌሊቱ መሐል ላይ ቀይ ብርሃን፣ 660 ናኖሜትር አካባቢ፣ ለአፍታ ብታበሪበት አያብብም። ወዲያው 730 የሆነውን ፋር ሬድ ብታስከትይበት ያብባል። ደጋግመው ቢያፈራርቁት የመጨረሻው ብርሃን ነው የሚወስነው። ክሪሳንተመም የሚያመርቱ እርሻዎች ሌሊት መብራት የሚያበሩት አበባውን ለማዘግየት ነው።

እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን አዲስ አበባ ላይ በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ያም ሆኖ የአገራችን ብዙ የማሽላ ዝርያዎች ያንን ትንሽ ልዩነት ይለዩታል። የሐሩር አካባቢ ማሽላ አሜሪካ ሲዘራ በበጋው ረጅም ቀን ሳቢያ ቁመቱ እየረዘመ አበባ ሳያወጣ ብርዱ ይደርስበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 የተጀመረ የማሽላ ማስተካከያ ፕሮግራም ነው የቀን ርዝመት ጥገኝነቱን በማዳቀል ያስወገደው።

ቡቃያ

ለሁለተኛው ጥያቄሽ ከአቀንጭራ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ቆላ አካባቢ ማሽላ የዘራ ገበሬ ያውቀዋል። ሐምራዊ አበባ ያለው፣ ሲያዩት የሚያምር ትንሽ አረም ነው፣ ግን የገበሬውን ዓመት ይበላል።

ዘሩ እንደ ብናኝ ነው። አንድ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ያፈራል፣ አፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ተኝቶ መቆየት ይችላል። ዘሩ ስንቅ የለውም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ አጠገቡ ሥር ሳይኖር ቢበቅል በቀናት ይሞታል። እንዴት ያውቃል ታዲያ? ማሽላው ራሱ ይነግረዋል። የማሽላ ሥር ስትራይጎላክቶን የሚባል ሆርሞን ወደ አፈር ይለቃል። አቀንጭራ እሱን ሲያገኝ ይበቅላል።

ማሽላው ለምን ጠላቱን ይጠራል ካልሽ፣ የሚጠራው ጠላቱን አይደለም። ስትራይጎላክቶን ማይኮራይዛ ፈንገስን ወደ ሥሩ ለመሳብ የሚለቀቅ ምልክት ነው። ፈንገሱ ፎስፈረስ ያመጣለታል፣ እሱ ስኳር ይሰጠዋል፣ ፕላስ ፕላስ። አቀንጭራ ያንን ምልክት ጠልፎ ፕላስ ማይነስ ያደርገዋል። ፎስፈረስ ያነሰበት አፈር ላይ ማሽላው ይበልጥ ይለቃል፣ አቀንጭራው ይበልጥ ይበቅላል። በተራቆተ መሬት ላይ የሚበረታበት አንዱ ምክንያት ይኼ ነው፣ ማዳበሪያ የሚቀንሰውም ለዚህ ነው። ያው ሆርሞን ተክሉ ውስጥ ደግሞ የጎን ቅርንጫፍ እንዳይበዛ ይከለክላል። ስለዚህ «ስትራይጎላክቶን ቢጠፋ ምን ይሆናል» ቢሉሽ መልሱ ሦስት ነው፦ ቅርንጫፍ ይበዛል፣ ማይኮራይዛ ይቀንሳል፣ አቀንጭራ ይቀንሳል።

ወሎንኮሚ የተወለዱት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ድርቅንና አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎችን በማውጣታቸው ነው። አንዱ የመቋቋሚያ መንገድ ማሽላው የሚለቀው ማነሳሻ አነስተኛ እንዲሆን ነው። ዘሩ ካልነቃ አይጎዳም። በተቃራኒው አሜሪካ ውስጥ ኤቲሊን ጋዝ አፈር ውስጥ እየነፉ ዘሩን ያለ ማሽላ አብቅለው ገድለውታል። ሙዝ የሚያበስለው ኤቲሊን ማለት ነው፣ ያው ሆርሞን።

ውሃውም አለ። አቀንጭራ ስቶማታውን እንደ ማሽላ አይዘጋም፣ ቀን ሙሉ ውሃ ያተንናል፣ ማኒቶል የሚባል ስኳር አልኮልም ሴሉ ውስጥ ያከማቻል። ሁለቱም ፖቴንሻሉን ከማሽላው በታች ያወርዱታል። የቀረውን አንቺ ጨርሺው።

መምህር_ባዮ

ቡቃያ የጀመረውን ጥያቄ አድርጌ ልስጥሽ። አፈር -0.5፣ የማሽላ ቅጠል -1.2፣ የአቀንጭራ ቅጠል -1.8 ሜጋፓስካል ነው። አንደኛ፣ ውሃው ወዴት ይሄዳል? ሁለተኛ፣ አቀንጭራው ስቶማታውን ቢዘጋ ምን ይለወጣል? ሦስተኛ፣ አቀንጭራ አረንጓዴ ነው፣ ራሱም ፎቶሲንተሲስ ያካሂዳል። በምግብ ሰንሰለቱ ላይ የትኛው ደረጃ ላይ ታስቀምጪዋለሽ?

የደብረብርሃኗ

መምህር ልሞክር። አንደኛው፣ ቁጥሮቹን ከላይ ወደ ታች ፃፍኳቸው። ከአፈር ወደ ማሽላ፣ ከማሽላ ወደ አቀንጭራ፣ ምክንያቱም -1.8 የታችኛው ነው። ሁለተኛው፣ ስቶማታው ከተዘጋ መተነኑ ይቆማል፣ ውሃ እየገባ የአቀንጭራው ፖቴንሻል ወደ ላይ ይወጣል፣ ከማሽላው እኩል ሲሆን ፍሰቱ ይቆማል። ሦስተኛው ላይ ብዙ አሰብኩ። አምራች ነው እንዳልል ከማሽላው ስኳር ይወስዳል። በላተኛ ነው እንዳልል ራሱ ይሠራል። ሁለቱም ላይ አስቀምጬዋለሁ፣ አምራችም ቀዳሚ በላተኛም።

መምህር_ባዮ

ሦስቱም ልክ ነው። ሁለተኛው ላይ ብቻ አንድ ነገር ጨምሪ፦ ማኒቶሉ ስላለ የአቀንጭራው የሟሟ ክፍል አሁንም ዝቅ ያለ ነው፣ እኩል የሚሆነው ግፊቱ ወጥቶ ሲያካክሰው ነው። ስለዚህ ስቶማታው ተዘግቶም ለጥቂት ጊዜ ውሃ ይስባል። «ወዲያው ይቆማል» የሚል ምርጫ ካየሽ አትምረጪው።

ሠርክ_አዲስ

መምህር፣ የናይትሮጅን ዑደቱንም እንዲህ ቢያደርጉልን? ባቄላ ከስንዴ ጋር የሚፈራረቅበትን።

መምህር_ባዮ

ነገ ማታ እመለስበታለሁ። እስከዚያ ይቺን አስቡባት፦ ናይትሮጅኔዝ ኦክስጅን ሲያገኘው ይበላሻል፣ ግን አንዷን የናይትሮጅን ሞለኪውል ወደ አሞኒያ ለመቀየር 16 ኤቲፒ ስለሚፈልግ ባክቴሪያው ኦክስጅን መተንፈስ አለበት። የባቄላው ሥር ላይ ያለው እብጠት ሲሰነጠቅ ውስጡ ሮዝ የሆነው ለምንድነው?